ያገር ሰው መስለህ ና

ዋሴ፦ አውልቀው!

የሺዋስ፦ አላወልቀውም!

ዋሴ፦ ቆቡን ብቻ!

የሺዋስ፦ አንተ "ብቻ" ስትል እፈራለሁ። ትናንት "ሽመሉን ብቻ" አልኸኝ፤ ዛሬ ቆቡ ላይ ደረስህ። ጎንደር ስንገባ "ቆዳህን ብቻ" ትለኛለህ።

(ቦታው ደባርቅ መናኸሪያ ነው፤ ጊዜው ረፋድ፤ ዘመኑ ሞባይል ስልክ ገና ወደዚህ አቀበት ያልወጣበት። የሺዋስ የአምቢኮ ገበሬ ነው። የአባቱን ባለጥለት ጋቢ ደርቦ፣ የሱፍ ቆቡን እስከ ጆሮው ደፍቶ፣ ሽመሉን ጨብጦ ቆሟል። ከጎንደር አልፎ አያውቅም፤ አልፌ አውቃለሁ ብሎም አያውቅም። ዋሴ የደባርቅ ከተማ ሰው ነው። አምና ሦስት ሳምንት ጠፍቶ ከተመለሰ ወዲህ "እኔ አዲስ አበባ እያለሁ" ሳይል ጉንጭ ውሃ አይውጥም። እግሩ ሥር ያለችው ቡናማ ሻንጣ ላይ "አዲስ አበባ" የሚል የዕቃ ወረቀት እንደተለጠፈ ነው፤ ዝናብ እንዳያጠፋበት በላስቲክ ሸፍኖታል። ሁለቱም የአዲስ አበባውን አውቶቡስ ይጠብቃሉ፤ ዋሴ መንገድ ላሳይህ ብሎ አብሮት ሊሄድ ነው።)

ዋሴ፦ የእህትህን ደብዳቤ ማን አነበበልህ?

የሺዋስ፦ አንተ።

ዋሴ፦ የትናየት ምን ብላ ጻፈች?

የሺዋስ፦ "ወንድምዓለም፣ እሑድ ሠርጌ ነው፤ አባታችን የለም፤ ልጃችን ብሎ የሚድረኝ ሰው ካላንተ የለኝም" አለች።

ዋሴ፦ ከዚያስ?

የሺዋስ፦ ከዚያማ አለቀስሁ።

ዋሴ፦ ካለቀስህ በኋላ ያነበብሁትን ነው የምጠይቅህ!

የሺዋስ፦ "አደራህን፣ ያገር ሰው መስለህ ና" ትላለች።

ዋሴ፦ ያገር ሰው! የየት አገር ሰው?

የሺዋስ፦ ያገር ሰው ነዋ። ያገር ሰውማ እኔ ነኝ።

ዋሴ፦ አይ ጉድ! አንተን ከሆንህማ "መስለህ ና" ምን ያደርጋል? በሬን "በሬ ምሰል" ይሉታል? ሰው የሚመስለው ያልሆነውን ነው። የምትሄደው አዲስ አበባ፤ ስለዚህ ያገር ሰው ማለት የአዲስ አበባ ሰው ማለት ነው። የተማረ ሰው ደብዳቤ እንዲህ ነው፤ ውስጡ ነው የሚነበበው።

የሺዋስ፦ እንዴህ ነው? እኔ የላይ የላዩን ሰምቼ ነው ለካ ያለቀስሁ።

ዋሴ፦ ውስጡን ብትሰማ ትስቅ ነበር።

የሺዋስ፦ ግን "ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ" ይባል የለም?

ዋሴ፦ እሱን ነው የምልህ! አንተ ሰርዶ ነህ፤ አዲስ አበባ በሬ። ሳርነትህ ከታወቀ ይግጥሃል።

የሺዋስ፦ እኔስ የጨነቀኝ ልብሴ አይዶል። የሚያገባት ልጅ ሽማግሌዎች "የማን ወገን ናት? ኸሰማይ ነው የወረደች?" ብለዋል አሉ። አሥራ አንድ ዓመት ብቻዋን ስትኖር ያዩ ሰዎች ምን ይበሉ? እሑድ ያ ሁሉ ሰው ተሰብስቦ በሷ በኩል ያለው ወንበር ባዶ ቢሆን፣ እኔ ሞቻለሁ በለው።

ዋሴ፦ ታዲያ ወንበሩ ላይ ጋቢ ለብሰህ ጉብ ልትል ነው? "ወገኔ ይሄ ነው" ብላ አንገቷን ትድፋ?

(ይቺ ቃል የሺዋስን ልቡ ላይ አገኘችው። እህቱ በሱ አፍራ ስታቀረቅር ታየችው። ቆቡን አወለቀ፤ ጋቢውንም አጣጥፎ ሰጠ። ዋሴ የራሱን የጂንስ ጃኬት አውልቆ አለበሰው፤ ጥቁር መነጽር ሰካለት፤ ማስቲካ አፉ ውስጥ ጨመረለት።)

የሺዋስ፦ ኧረግ፣ ዋሴ! መሸ እኮ! አውቶቡሱ አመለጠን!

ዋሴ፦ መነጽሩ ነው የጠቆረው!

የሺዋስ፦ ዐይኔ ደህና ሆኖ ሳለ ምን አድርግ ብለህ ትጋርደኛለህ?

ዋሴ፦ ሰው እንዳያይህ ነዋ።

የሺዋስ፦ ሰውማ ያየኛል። የማላየው እኔ ነኝ።

ዋሴ፦ ዝም ብለህ ማስቲካህን አላምጥ።

የሺዋስ፦ እሱንማ ዋጥሁት። ጣፋጭ ነው። ረቡዕ ነው ዛሬ፣ የፍስክ ነገር የለበትም አይዶል?

ዋሴ፦ ዋጥኸው?

የሺዋስ፦ አፍ ውስጥ የገባ ነገር ወዴት ይሄዳል?

(ከተራራው የወረደ ንፋስ መናኸሪያውን ጠራርጎት አለፈ። ጃኬቱን የሰጠው ዋሴ በሸሚዝ ብቻ ቀርቷልና ጥርሱ ተንቀጫቀጨ። ጋቢውን አየት አደረገ፤ ቀስ ብሎ ደረበው።)

የሺዋስ፦ ምነው ለበስኸው?

ዋሴ፦ ለአደራ ነው። መሬት ልጣለው እንዴ? ቆቡንም ንፋስ እንዳይወስድብህ (ይደፋዋል)። ሽመሉን ደግሞ ለማስተማሪያ እፈልገዋለሁ።

(አባ ኪዳነ ማርያም ጃንጥላቸውን ይዘው በመናኸሪያው ያልፋሉ። የሺዋስ መስቀል ሊሳለም ከተቀመጠበት አግዳሚ ወንበር ይነሳል፤ ዋሴ በሽመሉ ወደ ኋላ ይመልሰዋል።)

ዋሴ፦ ቁጭ በል! አዲስ አበባ ውስጥ ያየኸውን ሁሉ እየተሳለምህና "እንዴት ሰነበቱ" እያልህ መርካቶን ብታቋርጥ ለሚቀጥለው ዓመት ፋሲካ ነው የምትወጣው።

የሺዋስ፦ የነፍስ አባቴን ዘግቼ? አዲስ አበባ ሳልደርስ ሲኦል ልግባልህ?

አባ ኪዳነ ማርያም፦ (ጋቢውን አይተው ወደ ዋሴ እየተጠጉ) የሺዋስ ልጄ! ያባትህ ጋቢ አምሮብሃል። ትንሽ ከሳህ መሰለኝ። ለየትናየት "አባ መርቀውሻል" በልልኝ። (የሺዋስን በጥርጣሬ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው) ይህን ሰውዬ ግን ራቀው።

(ዋሴን አሳልመው ይሄዳሉ።)

ዋሴ፦ አየህ ጥበብ! የነፍስ አባትህ እንኳ አላወቁህም። ግማሽ መንገድ ደርሰሃል።

የሺዋስ፦ (ቅዝዝ ብሎ) እሳቸው ካላወቁኝ እህቴስ እንዴት አድርጋ ታውቀኛለች? ስትሄድ ጢም እንኳ አልነበረኝም።

ዋሴ፦ ደም ይስባል። በል ተነስ፤ አረማመድህን ልየው። ፈጠን!

የሺዋስ፦ ወዴት?

ዋሴ፦ የትም።

የሺዋስ፦ የትም ለመድረስ ምን ያስቸኩላል?

ዋሴ፦ አዲስ አበባ የሚቸኮለው ለመድረስ አይደለም። ያልቸኮለ ሰው እንግዳ ነው ይሉታል። እንዲያ አትገተር ደግሞ፣ ፈታ በል!

(የሺዋስ ቀበቶውን መፍታት ይጀምራል።)

ዋሴ፦ ምን እያደረግህ ነው?

የሺዋስ፦ ፍታ አላልኸኝም?

ዋሴ፦ ፈታ በል ማለት ዘና በል ማለት ነው! አራዳ ሁን!

የሺዋስ፦ አራዳ ገበያ አይዶል እንዴ? ጎንደር፣ ነጭ ሽንኩርት የምሸጥበት። ሰው እንዴት ገበያ ይሆናል?

ዋሴ፦ አራዳ ማለት የነቃ፣ የከተማ ብልጥ። ያልነቃው ፋራ ይባላል።

የሺዋስ፦ አንተ ታዲያ የትኛው ነህ?

ዋሴ፦ ይህ ይጠየቃል? ደግሞ ፎቅ ስታይ አፍህን ከፍተህ አታንጋጥ። እንደ ሊማሊሞ ገደል ዓይንህን አትትከልበት።

የሺዋስ፦ ሊማሊሞን የምናየው ኸላይ ሆነን ቁልቁል ነው። ትልቁ ፎቅ ግን ምን ያህላል?

ዋሴ፦ ትልቁ? እ... የድንጋይ ነው። ግንብ። ዙሪያውን አጥር አለው፤ ጫፉ ላይ እንቁላል የመሰለ ነገር አለበት።

የሺዋስ፦ ልክ እንደ ፋሲል ግንብ በለኛ።

ዋሴ፦ እንደዚያ... አዎ፣ ትንሽ ይመስላል። ስማኝ፤ መንገዱን ልንገርህ። ከመናኸሪያው ትወጣና ቀጥ ብለህ ፒያሳ። ከፒያሳ ቁልቁል አራዳ። ከዚያ ቀሃን ተሻግረህ...

የሺዋስ፦ ቀሃ የጎንደር ወንዝ አይዶል?

ዋሴ፦ (ጉሮሮውን ይጠርጋል) ነው። ታዲያ ወንዝ አይደለም? ይፈሳል። ፈሶ ፈሶ የት ይደርሳል?

የሺዋስ፦ ጣና።

ዋሴ፦ ከጣናስ?

የሺዋስ፦ ዓባይ።

ዋሴ፦ አዲስ አበባ ስትሄድ ዓባይን ትሻገራለህ ወይስ አትሻገርም?

የሺዋስ፦ እሻገራለሁ ይላሉ።

ዋሴ፦ እንግዲህ!

የሺዋስ፦ (ራሱን እየነቀነቀ) መማር ደግ ነው። እኛ ቀሃን እግራችንን ስንታጠብበት ኖርን፤ ለካ መንገደኛ ነው።

ዋሴ፦ ዋናውን ልንገርህ አሁን። አዲስ አበባ ውስጥ ስምህን የጠራ ሁሉ ሌባ ነው። "እንትናን ታውቃለህ?" ካለህ "አላውቀውም" በል። "እንትና አንተ ነህ?" ካለህ "አይደለሁም" በል።

የሺዋስ፦ እኔ ሆኜ ሳለሁ?

ዋሴ፦ በተለይ አንተ ስትሆን! እንሞክረው። የሺዋስ!

የሺዋስ፦ አቤት!

(ዋሴ ጭኑን በሽመል ቸብ ያደርገዋል።)

ዋሴ፦ የሺዋስ!

የሺዋስ፦ ወዬ!

(ቸብ።)

ዋሴ፦ የሺዋስ!

የሺዋስ፦ (ጭኑን እያሻሸ) አላውቀውም! በገዛ ሽመሌ! ጴጥሮስ እንኳ የካደው ጌታውን ነው፤ እኔ ራሴን ልካድ?

ዋሴ፦ ጎበዝ! እንዲህ ነው። አሁን ይህ አግዳሚ ወንበር ታክሲ ነው። ግባ። መውረጃህ ደረሰ፤ ምን ትላለህ?

የሺዋስ፦ "ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ ጎዳናህን ያቅናልህ፣ እባክህ እዚህ ላይ አውርደኝ።"

ዋሴ፦ ምርቃቱን እስክትጨርስ ሰፈሩ አለፈህ! "ወራጅ አለ!" ነው የሚባለው።

የሺዋስ፦ ወዴት?

ዋሴ፦ ምኑ ወዴት?

የሺዋስ፦ ወራጁ። ወደ ዛሪማ ነው? ኸሊማሊሞ በታች ወባ ገብቷል ይላሉ፣ ቢቀርበት ይሻላል።

ዋሴ፦ ወራጁ አንተ ነህ!

የሺዋስ፦ እኔ? እህቴን ልድር እየሄድሁ ምን ቆርጦኝ ቆላ እወርዳለሁ?

ዋሴ፦ ከታክሲው! ከታክሲው ነው የምትወርደው!

የሺዋስ፦ እሽ፣ ኸታክሲው። እኔ ኸሆንሁ ታዲያ "ወራጅ አለሁ" አይባልም? "አለ" የሚባል እኮ ሌላ ሰው ሲሆን ነው።

ዋሴ፦ "አለ" ነው በቃ! አዲስ አበባ ሰው ስለ ራሱ ሲናገር እንደ ሌላ ሰው ነው።

የሺዋስ፦ ስሙን ሲጠሩት ይክዳል፣ ሲወርድ ሌላ ሰው ነው ይላል። ኸዚህ ከተማ ሰው እንዴት ተደርጎ ይገኛል?

(ጡሩምባ ተሰማ። ከሽሬ ተነስቶ ሊማሊሞን የወጣው የአዲስ አበባ አውቶቡስ እያቃሰተ መናኸሪያው ገባ። ረዳቱ አገኘሁ፣ የዳባት ልጅ ነው፣ በሩ ላይ ተንጠልጥሏል።)

አገኘሁ፦ የሺዋስ! የአምቢኮው የሺዋስ የታለ? የትናየት ልካኝ ነው!

(የሺዋስ አፉን ሊከፍት ሲል ዋሴ ጎኑን በሽመሉ ጫፍ ወጋ ያደርገዋል።)

ዋሴ፦ (በሹክሹክታ) ስም ጠራ!

የሺዋስ፦ ይሄ ደባርቅ ነው እኮ!

ዋሴ፦ ሌባ መንገደኛውን የሚይዘው ከመነሻው ነው!

አገኘሁ፦ አንተ ባለመነጽር፣ የሺዋስ የሚባል ሰው ታውቃለህ?

የሺዋስ፦ (በዚያ ብርድ እያላበው) አላውቀውም።

አገኘሁ፦ ተሳፋሪዎች፣ ኪሳችሁን ጠበቅ! (ዋሴን ያያል) አሃ! ጋቢ፣ ቆብ፣ ሽመል! ጋሼ የሺዋስ! እዚህ ቆመው ነው እንዴ ጉሮሮዬ እስኪነቃ የሚያስጮኹኝ?

ዋሴ፦ እኔ እንኳን...

አገኘሁ፦ የሙሽራዋ ወንድም! ከሾፌሩ ጀርባ ወንበር ይዤልዎታለሁ። ያለችኝ ያቺው አንዷ ናት፤ መኪናው ሙሉ ነው። ይግቡ፣ ይግቡ!

(ዋሴ እውነቱን ሊናገር ነበር። "ከሾፌሩ ጀርባ" የሚለውን ሲሰማ ግን እውነት ትንሽ ብትቆይ ምን አለበት አለ። ሻንጣው ጣሪያ ላይ ወጣ፤ እሱም ገብቶ ተንደላቀቀ።)

ዋሴ፦ (በመስኮት፣ በሹክሹክታ) አይዞህ፣ መንገድ ላይ አስረዳዋለሁ! አንተ በሚቀጥለው ና!

የሺዋስ፦ የሚቀጥለው ሰኞ ነው! ሠርጉ እሑድ ነው እኮ!

(አውቶቡሱ ተነቃነቀ። የሺዋስ የአባቱ ጋቢ በመስኮት ሲርቅ አየ። በየትናየት በኩል ያቺ ወንበር ባዶዋን ስትቀር፣ ወይም ከዚያ የባሰው ዋሴ ተጎልቶባት "ልጃችንን" ሲል ታየው፤ እንባው መጣ፤ ከእንባው ቀድሞ ንዴቱ መጣ። መነጽሩን አውልቆ ሮጠና የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ደበደበ።)

የሺዋስ፦ ወራጅ አለ! ኧረ ወራጅ አለ! ወራጅ አለ!

(ሾፌሩ አዲስ አበባ ላይ ስንት ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው ነውና ቃሉን ሲሰማ እግሩ ሳያማክረው ፍሬን ረገጠ። ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት ተደፋ።)

አገኘሁ፦ ገና ሳንነሳ! ማን ነው ወራጁ?

የሺዋስ፦ ያ ጋቢዬን የለበሰው! (ፊቱ እየበራ) አላልሁም? "አለ" የሚባል ወራጁ ሌላ ሰው ሲሆን ነው!

አገኘሁ፦ አንተ ማነህ?

የሺዋስ፦ የሺዋስ ነኝ።

አገኘሁ፦ ቅድም "አላውቀውም" አላልህም?

የሺዋስ፦ ቅድምማ አዲስ አበባ ነበርሁ።

አገኘሁ፦ (ግራ ገብቶት) ቆዩ። እህትየዋ ምልክት ነግራኛለች። የክርስትና ስሟ ማን ነው? እርስዎ ይቅደሙ፣ ባለጋቢው።

ዋሴ፦ የክርስትና ስም... ወለተ... ወለተ... ወለተ ፒያሳ።

የሺዋስ፦ ወለተ ጊዮርጊስ! በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ በዚያ ጋቢ ነው የተጠቀለለች። ሸንታበታለች!

(ዋሴ ጋቢውን በሁለት ጣቱ ይዞ ቶሎ ያወልቃል።)

አገኘሁ፦ እንግዲያ ይህን ጃኬት ምን አመጣው? ልጅቷ እኮ "ያባታችንን ጋቢና ሽመል ይዞ፣ ያገሬን ሰው መስሎ ይምጣልኝ፤ ሽማግሌዎቹ ገና ከበር ሲያዩት ወገን እንዳለኝ ይወቁ" ብላ አልቅሳ ነው አደራ ያለችኝ። ማን ነው እንዲህ ያለበሰህ?

የሺዋስ፦ (ዋሴን በጣቱ እያሳየ) ደብዳቤውን እስከ ውስጡ ያነበበልኝ ሰው።

(ዋሴ ቆቡንና ሽመሉን አስረክቦ ሹልክ ብሎ ሊወርድ ሲል አገኘሁ ፊቱን ያያል።)

አገኘሁ፦ ቆይ ቆይ! አንተ አምና ጎንደር ላይ ለሽንት ወርዶ የጠፋው ሰውዬ አይደለህም?

ዋሴ፦ አላውቅህም። አይደለሁም።

አገኘሁ፦ እንዴት አታውቀኝም? ጡሩምባ ስንነፋልህ ብትጠፋ ሻንጣህን ይዤልህ አዲስ አበባ ገባሁ። መኪናው ተበላሽቶ ሦስት ሳምንት ቆይቼ ስመለስ፣ ጎንደር ፒያሳ ላይ ቁጭ ብለህ ስትጠብቀኝ አላስረከብሁህም? ይኸው ወረቀቱን የለጠፍሁበት እኔ ነኝ!

(አውቶቡሱ ሙሉ በሳቅ ተናወጠ። የሺዋስ ብቻ አልሳቀም፤ እያሰበ ነው።)

የሺዋስ፦ እንግዲያ ያ ቀሃ፣ የጎንደሩ ቀሃ ነዋ። ያ እንቁላልም።

ዋሴ፦ የሺዋስ፣ በሞቴ፣ ለደባርቅ ሰው እንዳትነግርብኝ! የሺዋስ!

የሺዋስ፦ ስሜን የጠራ ሁሉ ሌባ ነው ተብያለሁ።

(ጃኬቱን ከነመነጽሩ መለሰለት። ጋቢውን ደረበ፤ ቆቡን እስከ ጆሮው ደፋ፤ ሽመሉን ጨብጦ ከሾፌሩ ጀርባ ተቀመጠ። ተሳፋሪውን ሁሉ አንድ በአንድ "እንዴት አደራችሁ" አለ። አውቶቡሱ ወደ ዳባት መንገድ ዞረ።)

ዋሴ፦ (እየሮጠ) እሽ ሻንጣዬን! ሻንጣዬን እንኳ አውርዱልኝ!

የሺዋስ፦ (አንገቱን በመስኮት አውጥቶ) ሻንጣውማ አይወርድም! ኸሁለታችሁ አዲስ አበባን የሚያውቃት እሱ ነው፤ መንገድ ያሳየኛል!